የሸሸው እረኛ፦ የካርቴጁ ቆጵርያኖስ ሕይወትና ሰማዕትነት

ስለ ቀደሙት ሰማዕታት ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተናወጠ ሰው ታሪክ ነው። ስደት መጣ፤ ቅዱሱ ቆመ፤ ሞተ፤ አክሊሉንም ተቀበለ። እንዲህ ያለው ታሪክ ያበረታናል፤ ነገር ግን አንዳንዴ ከእኛ ሕይወት በጣም የራቀ ይመስለናል። እኛ የምንፈራ፣ የምናመነታ፣ አንዳንዴም የምንሸሽ ሰዎች ነንና።

ዛሬ የምንመለከተው የእግዚአብሔር ሰው በስደት ዘመን ከከተማው የሸሸ የቤተ ክርስቲያን መሪ ነው። እርሱ ተደብቆ በነበረበት ወራት ይመራቸው ከነበሩት ምእመናን ብዙዎቹ ጌታን ካዱ፤ ጥቂቶች ደግሞ ታምነው በእስር ቤት ሞቱ። ስለዚህ ስሙ ጠፋ፤ በጎቹን ትቶ ከሚሸሽ ሞያተኛ ጋር ተነጻጸረ (ዮሐ 10፥12)። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ያው ሰው ወዳጆቹ ያዘጋጁለትን መሸሸጊያ እምቢ ብሎ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ።

ይህ ሰው የካርቴጁ ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ ነው። በብዙ የታሪክ መጻሕፍት ሳይፕሪያን ተብሎ ይታወቃል። ቀድሞ ጠንቋይ እንደ ነበረ የሚነገርለት የአንጾኪያው ቆጵርያኖስ ሌላ ሰው ስለሆነ አንባቢ ስሞቹን እንዳያምታታ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ250 የሸሸውና በ258 የቆመው አንድ ሰው ነው። ታዲያ በመካከሉ ምን ሆነ? መልሱን ለማግኘት ሕይወቱን ከመጀመሪያው እንመልከት።

ከንግግር መምህርነት ወደ ክርስቶስ

ካርቴጅ ዛሬ የቱኒዚያ ዋና ከተማ ከሆነችው ከቱኒስ አጠገብ የነበረች የሮማውያን ታላቅ ከተማ ናት። ወንጌል ቀደም ብሎ ገብቶባታል። በ203 ጡት የሚጠባ ሕፃን የነበራት ወጣቷ ፐርፔቱዋና ባሪያ የነበረችው ፌሊሲታስ ስለ ክርስቶስ የሞቱት በዚህችው ከተማ ነው። ስመ ጥሩው ጸሐፊ ተርቱሊያኖስም የካርቴጅ ሰው ነበረ።

ቆጵርያኖስ የተወለደው በሦስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ፣ ጣዖት ከሚያመልክ ባለጠጋ ቤተ ሰብ ነው። ሙያው የንግግር ጥበብ ማስተማር ነበር። በዚያ ዘመን በፍርድ ቤት ለመሟገትም ሆነ ለመንግሥት ሹመት ለመብቃት ይህ ትምህርት ያስፈልግ ስለ ነበር መምህሩ በከተማው የተከበረ ነበር። ቆጵርያኖስ ገንዘብ ነበረው፤ መልካም ስም ነበረው፤ ከታላላቅ ሰዎችም ጋር ወዳጅነት ነበረው። ልቡ ግን ዕረፍት አላገኘም።

በኋላ ለወዳጁ ለዶናቱስ በጻፈው መልእክት ያን ጊዜ የነበረበትን ሁኔታ ሳይሸፍን ተናግሯል። ሰው ዳግመኛ ይወለዳል የሚለውን ትምህርት ሲሰማ ሊያምነው አልቻለም ነበር። ከልጅነት ጀምሮ በጣፋጭ ማዕድ ያደገ፣ በወርቅና በሐምራዊ ልብስ ያጌጠ ሰው በአንድ ጊዜ ቁጥብ ሊሆን እንዴት ይችላል? የሥልጣን ፍቅር፣ ቁጣና ምኞት ሥር ሰድደው ከኖሩ በኋላ በውኃ ታጥቦ መነሣት ብቻውን ምን ይለውጣል? ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ኃጢአቱ የሰውነቱ ክፍል የሆነ ያህል መስሎት ተስፋ ቆርጦም ነበር።

በ246 ገደማ ካይኪልዮስ በሚባል ሽማግሌ አገልጋይ ምስክርነት ጌታን አምኖ ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ ያ የማይቻል ይመስለው የነበረው ለውጥ በራሱ ሕይወት ሲፈጸም አየ። የተጠራጠረው ነገር ተረጋገጠለት፤ ጨለማ የነበረው በራለት። ይህንንም የእርሱ ጥረት ያመጣው ሳይሆን የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ ጽፏል። ለመንፈሳዊ አባቱ የነበረው ፍቅር እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ካይኪልዮስ ሊሞት ሲል ሚስቱንና ልጆቹን ለቆጵርያኖስ አደራ ሰጥቶት ሄደ።

የለውጡ ፍሬም ወዲያው ታየ። ርስቱን እየሸጠ ገንዘቡን ለድሆች አካፈለ። በካርቴጅ የነበረውን የሚያምር የአትክልት ቦታውን እንኳ ሸጦት ነበር፤ በኋላ ግን ተመልሶ በእጁ ገባ። ይህን የአትክልት ቦታ አንባቢ ያስታውሰው፤ በታሪኩ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ካመነ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ248 ወይም በ249፣ የካርቴጅ ሕዝብ ኤጲስ ቆጶሳችን ይሁን ብሎ መረጠው። ቤቱን ከብበው እምቢ እንዳይል ለመኑት። አንዳንድ የቆዩ ሽማግሌዎች ግን ቅር አላቸው። ትናንት የመጣ ሰው በእኛ ላይ ይሾማል ወይ የሚለው ቅሬታ ተዳፍኖ ቆየ። እሳቱ የሚነሣበት ቀን ሩቅ አልነበረም።

የዴክዮስ አዋጅ

በ249 ዴክዮስ የሮም ንጉሠ ነገሥት ሆነ። መንግሥቱ ከውጭ በጎቶች ጦር፣ ከውስጥ በሥልጣን ሽኩቻ ተጨንቆ ነበር። ዴክዮስ የአባቶቹ አማልክት ሞገስ ቢመለስ መንግሥቱም የሚጸና መስሎት በመላው ግዛት አንድ አዋጅ አወጣ። ሰው ሁሉ በሹማምንት ፊት ቀርቦ ለአማልክት እንዲሠዋ፣ የመጠጥ ቍርባን እንዲያፈስስና ከመሥዋዕቱ እንዲቀምስ አዘዘ። ይህን ያደረገ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ሰውየው ስሙንና መንደሩን ይናገራል፤ ሁልጊዜ ለአማልክት ይሠዋ እንደ ነበረ፣ አሁንም በሹማምንቱ ፊት እንደ ሠዋ ይገልጻል፤ እነርሱም ይፈርሙለታል። ነገሩ ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ቁንጥር ዕጣንና አንድ ወረቀት! ለክርስቲያን ግን ጌታን መካድ ነበር።

የሮም ኤጲስ ቆጶስ ፋቢያኖስ ጥር 20 ቀን 250 ሞተ። ከመጀመሪያዎቹ የዚህ ስደት ሰማዕታት አንዱ ነው። በካርቴጅ ደግሞ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ሆነ። ለብዙ ዓመታት ሰፊ ስደት ሳይኖር የኖረችው ቤተ ክርስቲያን በምቾት ላልታ ነበር። ቆጵርያኖስ እንደ ጻፈው ብዙዎች እስኪያዙ ወይም እስኪጠየቁ እንኳ አልጠበቁም፤ በገዛ እግራቸው ወደ መሠዊያው ሮጡ። ሰዓቱ መሽቶ ነገ ኑ ሲባሉ ዛሬውኑ ተቀበሉን ብለው የለመኑ ነበሩ። ልጆቻቸውን አቅፈው ያመጡም ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ሳይሠዉ ለሹማምንት ገንዘብ ከፍለው ወረቀቱን ብቻ ገዙ፤ እጃችን ዕጣን አልነካም እያሉም ኅሊናቸውን አጽናኑ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አልወደቁም። ወደ ወኅኒ የተጣሉ፣ የተገረፉ፣ በረኃብና በጥም የተሠቃዩ፣ በዚያም የሞቱ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ።

እረኛው የት ነው?

በዚህ ሁሉ መካከል እረኛቸው በከተማው አልነበረም። በትርዒቱ ስፍራ የተሰበሰበው ሕዝብ ቆጵርያኖስ ለአንበሳ ይሰጥ እያለ ይጮኽ ነበር። ንብረቱ እንዲወረስም በአደባባይ ታወጀ። ቆጵርያኖስ ግን ከካርቴጅ ወጥቶ ተሸሸገ።

እስቲ ራሳችንን በምእመናኑ ቦታ እናስቀምጥ። ወንድምህ በወኅኒ ታስሯል፤ እኅትህ ተገርፋለች፤ መጋቢህ ግን የት እንዳለ አይታወቅም። ምን ትላለህ? የሮም ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም የእነርሱ ኤጲስ ቆጶስ ሞቶ ሳለ የካርቴጁ መሸሹን ሰምተው ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ በጎቹን ትቶ ስለሚሸሽ ሞያተኛ የሚናገር ቃል ነበረበት። ቆጵርያኖስ ደብዳቤው በእጁ በገባ ጊዜ አልተሳደበም። ጽሕፈቱም አሳቡም ወረቀቱም አጠራጥሮኛልና በእርግጥ የእናንተ መሆኑን ተመልከቱልኝ ብሎ ራሱን ደብዳቤውን መልሶ ላከላቸው። በኋላም በመሸሸጊያው ሆኖ የጻፋቸውን 13 ደብዳቤዎች ግልባጭ ላከላቸውና ሥራውን ራሳቸው እንዲመዝኑ ተወላቸው።

የሸሸበትን ምክንያት ሲናገር ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ስደት ሲነሣባቸው ወደ ሌላ ከተማ እንዲሄዱ ማዘዙን ይጠቅስ ነበር (ማቴ 10፥23)። ደግሞም የእርሱ በከተማው መታየት የሕዝቡን ቁጣ አባብሶ በምእመናኑ ላይ የባሰ መከራ እንዳያመጣ ፈርቶ ነበር። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነበር ወይስ የፍርሃት መሸፈኛ? በዚያን ጊዜ ማንም ሰው ሊያረጋግጥ አይችልም ነበር። ቆጵርያኖስ ራሱም በቃል ሊያስረዳ ቢሞክር የሚያምነው ጥቂት ነው። ልብን የሚመረምር ጌታ ብቻ ያውቅ ነበር።

እኛ የምናውቀው በመሸሸጊያው የሠራውን ነው። ከራሱ ገንዘብ ለድሆች፣ ለመጻተኞችና ለበሽተኞች እንዲከፋፈል አደረገ፤ ያም እንዳያልቅ ሌላ ጨምሮ ላከ። በወኅኒ ያሉት እንዲጎበኙ አዘዘ፤ ነገር ግን ሰዎች በብዛት ሄደው የጠባቂዎቹን ዓይን እንዳይስቡ በየተራ እንዲሄዱ መከረ። በወኅኒ የሞቱት የሞቱበት ቀን እንዲመዘገብ ጠየቀ፤ ማንም ተረስቶ እንዳይቀር። በሥጋ ርቆ ነበር፤ በአሳቡና በጸሎቱ ግን ከመንጋው አልተለየም።

የወደቁትን ማን ያንሣቸው?

የስደቱ ማዕበል ጋብ ማለት ሲጀምር አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ለአማልክት የሠዉት ሰዎች እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ፈለጉ። ምን ይደረግ?

በአንድ ወገን፣ በወኅኒ የታመኑ አንዳንድ ወንድሞች ለወደቁት ሰዎች የዕርቅ ደብዳቤ ማደል ጀመሩ። እገሌ ከነቤተ ሰቡ ይቀበሉት የሚል፣ ቁጥር የሌለው ሰው የሚያስገባ ደብዳቤም ነበር። ለቆጵርያኖስ ሹመት ቅር ያላቸው ሽማግሌዎችም ዕድሉን ተጠቅመው ንስሐን ሳይጠይቁ ሰዎቹን ወደ ጌታ ማዕድ መለሷቸው። በሌላ ወገን፣ በሮም ኖቫቲያኖስ የሚባል የተማረ አገልጋይ ተነሥቶ በስደት የካደውን ቤተ ክርስቲያን ከቶ ልትቀበለው አይገባም አለ፤ የራሱንም ወገን ይዞ ተለየ።

ቆጵርያኖስ በሁለቱ መካከል ቆመ። የደረሰውን ቁስል አላቃለለም። ቁስልን ሳያጥቡ በላዩ መሸፈን በሽተኛውን መግደል እንደ ሆነ ተናገረ። ነገር ግን በሩን አልዘጋም። ለሞት የቀረበ ንስሐ የገባ ሰው እርሱ እስኪመለስ ሳይጠበቅ ዕርቅን እንዲያገኝ ፈቀደ። ሌላው ግን በእንባ ይጠብቅ፤ ሰላም ሲሆን ተሰብስበን በአንድነት እንመረምራለን አለ።

ዴክዮስ በሰኔ 251 ከጎቶች ጋር በተደረገ ጦርነት ሞተ። ቆጵርያኖስ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከዚያው ዓመት ፋሲካ በኋላ ወደ ካርቴጅ ተመልሶ ነበር። ኤጲስ ቆጶሳቱ ተሰብስበው የሠዋውንና ወረቀት ብቻ የገዛውን ለይተው እንደየጥፋቱ የንስሐ ጊዜ ወሰኑ። ጥቂት ቆይቶም አዲስ ስደት ሲያስፈራ፣ በንስሐ የጸኑት ሁሉ እንዲመለሱ ተስማሙ። ወደ ጦርነት የሚሄድን ወታደር ያለ ስንቅና ያለ ጋሻ መላክ አይገባም ብለው አሰቡ።

ወገኖች፣ ይህን ልብ እንበል። ጴጥሮስ ጌታን ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ ያለቀሰ ሐዋርያ ነው፤ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠውም ለእርሱ ነው። ቆጵርያኖስ አልካደም፤ ነገር ግን በወደቁት ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልቸኮለም። ስለ እነርሱ ሲጽፍ ከሚያለቅሱት ጋር እንደሚያለቅስ፣ ወንድሞቹ ሲወድቁ የእርሱም ልብ አብሮ እንደ ወደቀ ገልጿል።

ቸነፈር በካርቴጅ

ከስደቱ ሳያገግሙ ሌላ መከራ መጣ። በመላው የሮም ግዛት ለዓመታት የተመላለሰ ቸነፈር በ252 ገደማ ካርቴጅን አጠቃ። የታሪክ ጸሐፊዎች በሽታውን እስከ ዛሬ በቆጵርያኖስ ስም ይጠሩታል፤ ምልክቶቹን ዘርዝሮ የጻፈው እርሱ ስለሆነ ነው። የሆድ ተቅማጥ፣ የጉሮሮ ቁስል፣ ትውከት፣ የዓይን መቅላት ነበረው፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ እግራቸውን፣ ጆሮአቸውን ወይም ዓይናቸውን አጡ።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዲያቆኑ ፖንቲዮስ እንደሚነግረን የከተማው ሰው የገዛ ዘመዱን እየጣለ ይሸሽ ነበር፤ ሬሳ በየመንገዱ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ቆጵርያኖስ አልሸሸም። ምእመናንን ሰብስቦ የራስን ወገን ብቻ መርዳት ምንም ልዩ ነገር እንዳልሆነ፣ ቀራጮችና አሕዛብም ይህን እንደሚያደርጉ አስተማራቸው። የሰማዩ አባት ፀሐይን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ያወጣልና (ማቴ 5፥44-48) የእርሱ ልጆች ለሚያሳድዷቸውም መልካም ሊያደርጉ ይገባል አላቸው። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በጉልበቱ ተሰማራ። ከሁለት ዓመት በፊት ቆጵርያኖስ ለአንበሳ ይሰጥ ብለው የጮኹ ሰዎች ሲታመሙ ክርስቲያኖች አስታመሟቸው።

በዚያው ዘመን በኑሚዲያ ያሉ ምእመናን በወራሪዎች ተማርከው ተወሰዱ። የካርቴጅ ቤተ ክርስቲያን ለቤዛቸው 100,000 ሴስተርስ የሚባል የሮማውያን ገንዘብ አዋጥታ ላከች። ቆጵርያኖስም አብሮ በላከው ደብዳቤ፣ የተማረከው ወንድም የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ስለሆነ በእርሱ ውስጥ ክርስቶስን እንደሚያዩ ጻፈ።

ቆጵርያኖስ ፍጹም ሰው ነበር ማለታችን አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የተጠመቁ ሰዎች እንደ ገና ይጠመቁ ወይስ አይጠመቁ በሚለው ክርክር ከሮሙ ኤጲስ ቆጶስ ከእስጢፋኖስ ጋር ብርቱ ቃል ተለዋውጧል፤ በ256 መስከረም 1 ቀን 87 ኤጲስ ቆጶሳትን በካርቴጅ ሰብስቦ በአቋሙ ጸንቷል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ባስተማረው ሁሉ የማይስማሙ ብዙ ወንጌላውያን አሉ። የመንጋው ፍቅሩ ግን የሚካድ አይደለም።

ሁለተኛው ስደት

በ257 ንጉሠ ነገሥት ቫሌርያኖስ አዲስ አዋጅ አወጣ። የቤተ ክርስቲያን መሪዎች እንዲሠዉ ታዘዙ፤ ክርስቲያኖች መሰብሰብና ወደ መቃብር ስፍራዎቻቸው መግባት ተከለከሉ። ነሐሴ 30 ቀን ቆጵርያኖስ በአገረ ገዥው በፓተርኖስ ፊት ቀረበ። ክርስቲያንና ኤጲስ ቆጶስ መሆኑን፣ ሰማይና ምድርን ከፈጠረው ከአንዱ አምላክ በቀር ሌላ እንደማያውቅ ተናገረ። ለነገሥታቱም ደኅንነት ወደዚሁ አምላክ እንደሚጸልዩ ጨመረ። አገረ ገዥው የሽማግሌዎቹን ስም እንዲናገር ጠየቀው። ቆጵርያኖስ ግን የእናንተው ሕግ ሰውን አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል፤ ከፈለጋችኋቸው በየስፍራቸው ታገኟቸዋላችሁ ብሎ የአንድም ሰው ስም ሳይጠራ ቀረ።

ፍርዱ ግዞት ሆነ። ዛሬ ኮርባ ወደምትባለው፣ በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ኩሩቢስ ተላከ፤ ዲያቆኑ ፖንቲዮስም አብሮት ሄደ። እዚያ በደረሰበት ሌሊት አንድ ሕልም አየ። አንድ ቁመተ ረጅም ወጣት ወደ አገረ ገዥው አደባባይ አቀረበው፤ አገረ ገዥውም ምንም ሳይናገር ፍርድ ጻፈ። ወጣቱ ከኋላ ሆኖ መዳፉን ዘርግቶ የሰይፍ ምልክት አሳየው። ቆጵርያኖስ ጉዳዩን የሚያሰናዳበት አንድ ቀን እንዲሰጠው ለመነ፤ ተሰጠውም። ፖንቲዮስ እንደ ጻፈው ያቺ አንድ ቀን አንድ ዓመት ሆነች፤ ልክ በዓመቱ በዚያው ቀን ሞተ።

ያን ዓመት እንዴት ተጠቀመበት? በኑሚዲያ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳት ከብዙ ምእመናን ጋር ወደ ማዕድን ቁፋሮ ተፈርዶባቸው ነበር። እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ፣ ጠጉራቸው በግማሽ ተላጭቶ፣ በመሬት ላይ ይተኙ ነበር። ቆጵርያኖስ ከግዞቱ ሆኖ ገንዘብና ደብዳቤ ላከላቸው። እነርሱም ሰንሰለታቸው እንደ ቀለለላቸው፣ የወኅኒው ክፉ ሽታ እንደ ጠፋላቸው አድርገው በምስጋና መለሱለት።

በ258 ቫሌርያኖስ አዋጁን አከበደ። ኤጲስ ቆጶሳት፣ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ወዲያው እንዲገደሉ አዘዘ። ነሐሴ 6 ቀን የሮሙ ሲክስጦስ ከአራት ዲያቆናት ጋር በመቃብር ስፍራ ተገደለ። ቆጵርያኖስ ከግዞት ተጠርቶ ወደ ካርቴጅ ተመልሶ ነበርና ወሬው እዚያው ደረሰው። የእርሱም ተራ እንደ ሆነ ዐወቀ።

በአትክልቱ ቦታ

ከክርስቲያኖቹም፣ ካላመኑት የቀድሞ ወዳጆቹም መካከል ታላላቅ ሰዎች እየመጡ ሽሽ አሉት፤ የሚደበቅበትንም ቦታ አቀረቡለት። ከስምንት ዓመት በፊት የሸሸው ሰው አሁን እምቢ አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘወር አለ። አዲሱ አገረ ገዥ ጋሌርዮስ ማክሲሞስ በኡቲካ ሳለ ወደዚያ የሚወስዱት ሰዎች እንደ ተላኩ ሰማ። ቆጵርያኖስ እረኛ መሞት ያለበት በራሱ መንጋ መካከል ነው ብሎ ያምን ነበር። በሌላ ከተማ ቢገደል ሕዝቡ ምስክርነቱን አያይም። ስለዚህ ለጥቂት ቀን ተሰወረ፤ የመጨረሻውንም ደብዳቤ ጽፎ ምክንያቱን ለምእመናኑ አስረዳ። ሁከት እንዳያነሡ፣ ማንም ራሱን በፈቃዱ ለአሕዛብ አሳልፎ እንዳይሰጥም አዘዛቸው። አገረ ገዥው ወደ ካርቴጅ ሲመለስ እርሱም ወደ አትክልቱ ቦታ ተመለሰ፤ ሳይደበቅ ጠበቃቸው።

አሁን የመጀመሪያው ሽሽትም ትርጉሙ ይታያል። በ250 መንጋውን ለማትረፍ ሸሸ፤ በ258 መንጋውን ለማጽናት ቆመ። በሁለቱም ጊዜ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ለበጎቹ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

የመጨረሻው ሌሊት

መስከረም 13 ቀን ሁለት መኮንኖች ሠረገላ ይዘው መጡ። በመካከላቸው አስቀምጠው አገረ ገዥው ስለ ጤናው ወደ ተቀመጠበት ወደ ሴክስቱስ ወሰዱት። ጉዳዩ ለማግስቱ ተላለፈና ያን ሌሊት በአንዱ መኮንን ቤት አደረ። ወሬው በከተማው ተሰማ፤ ሕዝቡ ወጥቶ በቤቱ ደጅ ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጠ። ነገ የሚሞተው ሰው በዚያች ሌሊት ያሰበው ስለ ራሱ አልነበረም። በጨለማ በሕዝብ መካከል ያሉት ልጃገረዶች ክፉ እንዳያገኛቸው እንዲጠበቁ አዘዘ።

ሲነጋ ረጅም መንገድ በእግሩ ሄዶ ልብሱ በላብ ራሰ። ከወታደሮቹ አንዱ ቀርቦ ደረቅ ልብስ ልለውጥልህ አለው። ፖንቲዮስ ይህ ወታደር ቀድሞ ክርስቲያን የነበረ ሰው እንደ ሆነ ይነግረናል። ከመንጋው የወጣ አንድ ሰው፣ በላብ የራሰውን የእረኛውን ልብስ ለመታሰቢያ ፈለገ! ቆጵርያኖስ ግን ዛሬውኑ ለሚያልቅ ሕመም መድኃኒት አያስፈልግም ብሎ በጨዋታ መለሰለት።

በሴክስቱስ ሜዳ

ፍርዱ አጭር ነበር። ጋሌርዮስ ማክሲሞስ ቆጵርያኖስ እርሱ መሆኑን ጠየቀ፤ ነኝ አለ። ነገሥታቱ እንድትሠዋ አዝዘዋል ሲለው አላደርገውም አለ። ለራስህ አስብ ሲለው፣ እንዲህ ግልጽ በሆነ ነገር ማሰብ አያስፈልግም፤ የታዘዝኸውን አድርግ ብሎ መለሰ። አገረ ገዥው ከአማካሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ የሰይፍ ሞት ፈረደበት። ቆጵርያኖስ እግዚአብሔርን አመሰገነ። በዙሪያው የቆሙት ወንድሞች እኛም ከእርሱ ጋር እንሙት እያሉ ጮኹ።

ወደ ሜዳው ሲወስዱት ብዙ ሕዝብ ተከተለው፤ አንዳንዶችም ለማየት እንደ ዘኬዎስ ዛፍ ላይ ወጡ። ካባውን አውልቆ ተንበርክኮ ጸለየ። የላይኛውን ቀሚሱን ለዲያቆናቱ ሰጥቶ በበፍታ ልብስ ብቻ ቆመ። ገዳዩ ሲመጣ 25 የወርቅ ገንዘብ እንዲሰጡት ወዳጆቹን አዘዘ። ጠላቶቻችሁን ውደዱ የሚለውን ትእዛዝ በቸነፈሩ ጊዜ ሰብኮት ነበር፤ አሁን በራሱ ገዳይ ላይ ፈጸመው። ወንድሞች በፊቱ ጨርቅ አነጠፉ። ዓይኑን ራሱ ሸፈነ፤ እጁን ማሰር ስላልቻለ ዩልያኖስ የሚባሉ ሁለት አገልጋዮች፣ አንዱ ሽማግሌ አንዱ ንፍቀ ዲያቆን፣ አሰሩለት። ከዚያም ሰይፉ ወረደ። ቀኑ መስከረም 14 ቀን 258 ነበር። ፖንቲዮስ እንደሚለው ከካርቴጅ ኤጲስ ቆጶሳት ስለ ክርስቶስ ደሙን ያፈሰሰ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ማታ ምእመናን ሬሳውን አንሥተው፣ ሻማና ችቦ አብርተው፣ እየጸለዩ እንደ ድል አድራጊ ወስደው ቀበሩት። አገረ ገዥው ጋሌርዮስ ማክሲሞስም ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። ቫሌርያኖስ በ260 በፋርስ ንጉሥ ተማረከ፤ ልጁ ጋሊየኖስ ስደቱን አቁሞ የጸሎት ስፍራዎችን ለክርስቲያኖች መለሰ።

ለእኛስ?

ውድ አንባቢ፣ ቆጵርያኖስ ከከሳሾቹ ጋር በቃል ቢከራከር ኖሮ ክርክሩ አያልቅም ነበር። እርሱ ግን ስሙን ለጌታ ትቶ ሥራውን ሠራ። ድሆችን መገበ፤ እስረኞችን አሰበ፤ የወደቁትን አነሣ፤ በቸነፈር መካከል ቆየ። ድፍረቱ በመስከረም 14 ቀን ጠዋት በድንገት የመጣ አልነበረም። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ በዕለት ተዕለት ታማኝነት የተሠራ ነበር።

ምናልባት አንተ ዛሬ በሰዎች ዘንድ ስምህ ጠፍቶ ይሆናል። ምናልባት አንቺ ያላደረግሽው ነገር ተወርቶብሽ ይሆናል። ወይም ደግሞ በእርግጥ ወድቀህ፣ እንደ ካርቴጅ ሰዎች ወረቀቱን በእጅህ ይዘህ የምታፍር ትሆናለህ። ለመጀመሪያዎቹ፣ ጌታ ልብን ያውቃልና በተሰጣችሁ ሥራ ጸንታችሁ ቆዩ። ለወደቀውም በሩ አልተዘጋም፤ በእውነተኛ ንስሐ የሚመለሰውን ጌታ አይጥለውም። ጴጥሮስን ያነሣ ጌታ ዛሬም ሕያው ነው።

ሰማዕትነት ለሁላችን ላይመጣ ይችላል። በጎቹን መውደድ ግን ለሁላችን ታዝዟል። በትንሹ የታመንን እንድንሆን፣ ሰዓቱም ሲመጣ በስፍራችን እንድንገኝ እግዚአብሔር በጸጋው ይርዳን። አሜን።